የሰውን ባህርይ በምን እናውቃለን? የሳይኮሎጂና የምርምር ዘዴዎቹ ማብራሪያ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

ፊዚክስን ወይም ኬሚስትሪን የሚጀምር ተማሪ ስለ ትምህርቱ ብዙም እንደማያውቅ አምኖ ይገባል። ሳይኮሎጂን የሚጀምር ተማሪ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሰው ጋር የኖረ፣ የተጣላና የታረቀ፣ የፈራና የተደሰተ በመሆኑ የሰውን ባህርይ አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋል። የትምህርቱ ትልቁ ፈተና የሚጀምረውም ከዚህ ነው፤ ስለ ሰው ያለን የዕለት ተዕለት ዕውቀት የሆነውን ነገር ከሆነ በኋላ ለማብራራት ይበቃል እንጂ ሳይሆን በፊት ለመተንበይ እምብዛም አያስችልም። አንድ ሰው ቸኩሎ ሲሳሳት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን፤ ዘግይቶ ሲሳሳት ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለቱም አባባሎች በየቦታቸው እውነት ናቸው፤ የትኛው በየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራ ግን አስቀድመው አይነግሩንም። ውጤቱን ከሰሙ በኋላ «ድሮም ይህ እንደሚሆን አውቅ ነበር» የማለት ዝንባሌ ራሱ በሳይኮሎጂ ተደጋግሞ የተጠና የአእምሮ ስሕተት ነው።

ሳይኮሎጂ ባህርይንና የአእምሮ ሂደቶችን በሳይንሳዊ መንገድ የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። ባህርይ ሲባል ከውጭ ሊታይና ሊመዘገብ የሚችል ድርጊት ሁሉ ሲሆን፣ የአእምሮ ሂደት ሲባል ደግሞ ማሰብን፣ ማስታወስን፣ ማለምን፣ ስሜትንና ትኩረትን የመሰሉ በቀጥታ የማይታዩ ነገሮች ናቸው። ፈላስፎች ስለ እነዚህ ጉዳዮች ከጥንት ጀምሮ ጽፈዋል፤ ሳይኮሎጂ ራሱን ችሎ የወጣበት ጊዜ ተደርጎ የሚጠቀሰው ግን ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ያቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1879 ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ቤተ ሙከራ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ሰው ድምፅ ከሰማበት ቅጽበት አንሥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ መለካት ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የአእምሮ ሥራ ጊዜ የሚወስድ፣ ጊዜውም በመሣሪያ የሚለካ መሆኑን ማሳየት ግን ትልቅ እርምጃ ነበር።

የማይታየውን ነገር ለማጥናት በመጀመሪያ ወደሚታይ ነገር መለወጥ ያስፈልጋል። ጭንቀትን ማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ «ጭንቀት ስል ይህን ማለቴ ነው» ብሎ መለኪያውን መወሰን አለበት፤ የልብ ምት በደቂቃ፣ የመዳፍ ላብ መጠን ወይም በተዘጋጀ መጠይቅ ላይ የተገኘ ነጥብ ሊሆን ይችላል። ይህ ውሳኔ የጥናቱ ተግባራዊ ትርጓሜ ይባላል። አንድ መለኪያ በተደጋጋሚ ሲለካበት ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ አስተማማኝ ነው ይባላል፤ ሊለካ የታሰበውን ነገር በእርግጥ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛ ነው ይባላል። የልብ ምት ቆጠራ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃ በሩጫ የወጣ ሰውም ልቡ በፍጥነት ይመታልና ብቻውን የጭንቀት ትክክለኛ መለኪያ አይሆንም። በዜና የሚነገርን ማንኛውንም የሳይኮሎጂ ግኝት ስንሰማ «ይህን ነገር በምን ለኩት?» ብለን መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራችን መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

መቁጠር ይችላል የተባለው ፈረስ

የምርምር ዘዴ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ከአንድ ፈረስ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በበርሊን የሚኖር ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ሃንስ የተባለ ፈረስ ነበረው። ፈረሱ የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ ሲቀርብለት ኮቴውን መሬት ላይ እየመታ የመልሱን ቁጥር ያህል ቆጥሮ ያቆም ነበር። ብዙ ሰው ለማየት መጣ። በ1904 ምሁራንና የእንስሳት ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ባለቤቱ የሚሠራው የተንኮል ዘዴ አላገኘም። ፎን ኦስተን አጭበርባሪ አልነበረም፤ ፈረሱ እንደሚያስብ ከልቡ ያምን ነበር፤ ጥያቄውን ሌላ ሰው ሲጠይቀውም ፈረሱ በትክክል ይመልስ ነበር። በተራ ማስተዋል ከሄድን ማስረጃው የተሟላ ነበር ማለት ይቻላል።

ኦስካር ፉንግስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ፈረሱ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ከመከራከር ይልቅ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ መለወጥ ጀመረ። በአንዳንዱ ሙከራ ጠያቂው መልሱን እንዲያውቅ፣ በሌላው ደግሞ እንዳያውቅ አደረገ፤ አንዳንድ ጊዜ ፈረሱ ጠያቂውን እንዲያይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዓይኑ ግራና ቀኝ በተደረገ መጋረጃ እንዳያይ አደረገ። ውጤቱ ግልጽ ሆነ፤ ጠያቂው መልሱን ሲያውቅና ፈረሱ ሲያየው ሃንስ አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይመልሳል፤ ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ወይም ፈረሱ ካላየው ችሎታው ይጠፋል። ፉንግስት ጠያቂዎቹን በቅርብ ሲያስተውል ምክንያቱን አገኘው። ሰዎቹ ጥያቄውን ጠይቀው ኮቴውን ለማየት አንገታቸውን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቆጠራው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ደግሞ ውጥረታቸው ስለሚለቃቸው ሳያውቁት ጭንቅላታቸው በጥቂቱ ቀና ይላል። ፈረሱ የሚያነበው ይህን ለሰው ዓይን የማይታይ የሚባል እንቅስቃሴ እንጂ ሒሳቡን አልነበረም። ፉንግስት ግኝቱን በ1907 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ፎን ኦስተን ግን አልተቀበለውም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሳይንሳዊ ምርምር ዋና ዋና አካላት በሙሉ ይገኛሉ። ፉንግስት መላ ምት ነበረው፤ ይኸውም ፈረሱ ምልክት የሚያገኘው ከጠያቂው ነው የሚል ነው። መላ ምቱ ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ ነበረው፤ መልሱን የማያውቅ ሰው ጠይቆት ፈረሱ በትክክል ቢመልስ ኖሮ ሐሳቡ ውድቅ ይሆን ነበር። ምንም ዓይነት ውጤት ቢመጣ ሊሳሳት የማይችል ሐሳብ ሳይንሳዊ መላ ምት አይባልም፤ ይህ ነጥብ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ስለሆነ አጥብቄ እናገረዋለሁ። ሌላው ትምህርት ደግሞ ቅን ሰውም ቢሆን የሚጠብቀውን ውጤት ሳያውቅ ራሱ ሊፈጥረው እንደሚችል ነው። በዛሬ ምርምሮች፣ በተለይም በመድኃኒት ሙከራ፣ ተሳታፊውም ሆነ ውጤቱን የሚመዘግበው ሰው ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ እንዳያውቁ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነው።

ማየት፣ መጠየቅ፣ አንድን ሰው በጥልቀት ማጥናት

ሁሉም ጥያቄ በሙከራ አይመለስም። ሕፃናት በመጫወቻ ቦታ እንዴት እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ጣልቃ ሳይገባ ምልከታ ማድረግ ይችላል። ችግሩ እየታየ መሆኑን ያወቀ ሰው ባህርዩን መለወጡ ነው፤ ተመልካቹም ማየት የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ምን ምን እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ሁለት ተመልካቾችም ለየብቻ መዝግበው መዝገባቸው ይነጻጸራል።

መጠይቅና ቃለ መጠይቅ ከብዙ ሰው በአጭር ጊዜ መረጃ ለመሰብሰብ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን የጥያቄው አቀራረብ መልሱን ይቀርጸዋል። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ መኪናዎቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ተጠየቁ። የተለወጠው አንድ ግሥ ብቻ ነበር። መኪናዎቹ «በኃይል ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ሲሉ፣ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት 31.8 ማይል አሉ። በሁለተኛው ሙከራቸው ደግሞ ተሳታፊዎቹ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ኃይለኛውን ግሥ ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ በፊልሙ ውስጥ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ምስክርን የሚጠይቅ መርማሪ ሁሉ ይህን ጥናት ቢያውቅ እመኛለሁ።

ስለ ናሙናም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ተመራማሪ ሁሉንም ሰው ማጥናት ስለማይችል ከብዙኃኑ ጥቂቶችን ይመርጣል። እዚህ ላይ ከብዛት ይልቅ አመራረጥ ይበልጣል። በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት አንድ መጽሔት ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ላንደን የተባለው ዕጩ እንደሚያሸንፍ ተነበየ፤ ያሸነፈው ግን ተፎካካሪው ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ። የመጠይቁ አድራሻዎች በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ በመሆናቸው በዚያ የድህነት ዘመን የተሻለ ኑሮ ወዳላቸው ሰዎች ያዘነበሉ ነበሩ፤ መጠይቁን ሞልተው የመለሱትም ከተላከላቸው ሰዎች ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

አንዳንድ ጊዜ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሳይንስን አቅጣጫ ይለውጣል። በ1953 ሄንሪ ሞሌዘን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ ከባድ የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በአንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው ወጣ። ከዚያ በኋላ ሄንሪ ንግግሩም የማሰብ ችሎታውም ደኅና ሆኖ ሳለ አዲስ የሚያጋጥመውን ነገር ማስታወስ አልቻለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያነጋገረውን ሰው እንደ አዲስ ይተዋወቀው ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ይህ ሥራ ለማንም ሰው አስቸጋሪ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ እጁ ተገልብጦ ስለሚታይ እርሳሱ ከመስመሩ ይወጣል። ሄንሪ በሦስት ቀናት ውስጥ ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ይሁንና በየቀኑ ይህን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ይናገር ነበር። እጁ የተማረውን እሱ አያስታውሰውም ነበር ማለት ነው። ማስታወስ አንድ ወጥ ችሎታ ሳይሆን የተለያዩ ሥርዓቶች ያሉት መሆኑ ከዚህ ታወቀ። ስሙ በሕይወት ዘመኑ በሁለት ፊደላት ብቻ ይገለጽ የነበረ ሲሆን ሙሉ ስሙ ይፋ የሆነው በ2008 ከሞተ በኋላ ነው። የአንድ ሰው ጥናት እንዲህ ጥልቅ ቢሆንም ስለ ሌላው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መደምደሚያ አያሰጥም፤ ሌሎች ጥናቶች ሊያረጋግጡት ይገባል።

አብሮ መሄድና ምክንያት መሆን

ሁለት ነገሮች አብረው ሲጨምሩ ወይም አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ በመካከላቸው ተዛምዶ አለ ይባላል። ተዛምዶ ከ−1 እስከ +1 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ግንኙነቱ ይደክማል፤ የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ የግንኙነቱን አቅጣጫ እንጂ ድካሙን አያሳይም። በማኅበራዊ ሚዲያ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉ ወጣቶች ይበልጥ የሚያዝኑ ሆነው ተገኙ እንበል። ብዙ ሰው ወዲያውኑ «ማኅበራዊ ሚዲያ ያሳዝናል» ወደሚለው ይሄዳል። ነገር ግን ያዘነና ብቸኝነት የተሰማው ወጣት ስልኩን አብዝቶ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ እንቅልፍ ማጣትን የመሰለ ሦስተኛ ነገር ሁለቱንም በአንድ ላይ አምጥቷቸው ይሆናል። ተዛምዶው ብቻውን ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ሊለይ አይችልም። የቁጥሩ ትልቅነትም ሆነ የተሳታፊዎቹ ብዛት ይህን ችግር አያስወግደውም።

ሙከራ

ምክንያትንና ውጤትን ለመለየት ዋናው መንገድ ሙከራ ነው። ተመራማሪው ራሱ የሚለውጠው ነገር ነፃ ተለዋዋጭ፣ በዚህ ለውጥ የተነሣ ይለወጥ እንደሆነ የሚለካው ደግሞ ጥገኛ ተለዋዋጭ ይባላል። ለተማሪ በጣም የሚጠቅም ስለሆነ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ያሳተሙትን ሙከራ በዝርዝር እንመልከተው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ተሰጣቸው። በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ጽሑፉን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሁለተኛው በሦስት ክፍለ ጊዜ አንብቦ በአራተኛው ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ሦስተኛው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተፈተኑት የመጀመሪያው ቡድን ተማሪዎች ከጽሑፉ ሐሳቦች 83 በመቶውን፣ የሁለተኛው 78 በመቶውን፣ የሦስተኛው ደግሞ 71 በመቶውን አስታወሱ። ፈተናው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል ተብሎ ይደመደም ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ደጋግሞ ያነበበው ቡድን 40 በመቶ፣ ሁለተኛው 56 በመቶ፣ አንድ ጊዜ አንብቦ ራሱን የፈተነው 61 በመቶ አስታወሰ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው እንዲገምቱ ሲጠየቁ ከፍተኛውን ግምት የሰጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ጽሑፉን በለመዱት መጠን የያዙት መሰላቸው። ስለ ራሳችን አእምሮ ያለን እርግጠኝነት እንኳ መለካት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጥናት ጥቂት ነው።

በዚህ ሙከራ ነፃ ተለዋዋጩ የአጠናን ዘዴው፣ ጥገኛ ተለዋዋጩ በፈተናው የታወሱት ሐሳቦች መጠን ነው። ጽሑፉና ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። በዕጣ መመደቡ ደግሞ የሙከራው የጀርባ አጥንት ነው። ተማሪዎቹ ቡድናቸውን ራሳቸው መርጠው ቢሆን ኖሮ ጎበዞቹ ወይም ትጉሆቹ ራስን መፈተን የሚለውን መርጠው ውጤቱን ያዛቡት ነበር፤ ዕጣ ግን ጉብዝናን፣ ትጋትን፣ እንቅልፍንና ተመራማሪው ጨርሶ ያላሰባቸውን ልዩነቶች ጭምር በቡድኖቹ መካከል በአድልዎ ሳይሆን በአጋጣሚ ያከፋፍላል። ናሙናን በዕጣ መምረጥና ተሳታፊን ለቡድን በዕጣ መመደብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ውጤቱን ለብዙኃኑ እንድንናገር ያስችለናል፣ ሁለተኛው ምክንያትን እንድንለይ ያስችለናል። በፈተና ላይ ሁለቱን የሚያደባልቅ ተማሪ ብዙ ነው።

ተሳታፊውም ሰው ነው

ሊሠራ የሚችል ሙከራ ሁሉ ሊሠራ አይገባም። በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲቀርብለት ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ እንዲደነግጥ አደረጉ፤ ሕፃኑ በኋላ አይጡን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ፍርሃት በትምህርት ሊመጣ እንደሚችል ታየ፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ሳይወገድለት ሕፃኑ ከሆስፒታሉ ተወሰደ። ስታንሊ ሚልግራም በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ በጀመረው ጥናት ደግሞ ተሳታፊዎች በአንድ ኃላፊ ትእዛዝ ሌላን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ተነገራቸው። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹ ግን ይህን አያውቁም ነበር። በመጀመሪያው በታተመው ሙከራ ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄዱ፤ ብዙዎቹም እያላባቸውና እየተንቀጠቀጡ ነበር።

ዛሬ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። ተሳታፊው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ መስማማት፣ በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅጣት ማቋረጥና ማንነቱ እንዲጠበቅለት መጠየቅ ይችላል፤ ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መፍቀድ አለበት። ለጥናቱ ሲባል የተደበቀ ነገር ካለ በመጨረሻ ሊገለጽለት ይገባል። በክፍል ጓደኞቹ ላይ አነስተኛ ጥናት የሚሠራ ተማሪም ከእነዚህ ግዴታዎች ነፃ አይደለም።

ደግሞ ማየት

አንድ ጥናት አንድ ማስረጃ ነው። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ የሳይኮሎጂ መጽሔቶች ላይ ከወጡ ጥናቶች 100ውን እንደገና ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት የሚያስቸግር ውጤት ያገኙ ሲሆን፣ በድጋሚ ሲሠሩ ግን ይህን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት የቀሩት ሁሉ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም፤ ናሙናቸው ትንሽ የነበረ፣ ሁኔታው የተለወጠ ወይም ድጋሚው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጽሔቶች «አዲስ ነገር ተገኘ» የሚሉ ጥናቶችን መርጠው ማተማቸው፣ ተመራማሪዎችም መረጃውን በብዙ መንገድ እየፈተሹ ጥሩ የወጣውን ብቻ ማቅረባቸው ችግር እንደፈጠረ በግልጽ አሳየ።

የተሳታፊዎች ማንነትም ጥያቄ ሆነ። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳዩት አብዛኛው የሳይኮሎጂ ጥናት የተሠራው በበለጸጉ የምዕራባውያን አገሮች ሰዎች፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ጫፋቸው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በታጠፉ ቀስቶች የተለዩ ሁለት እኩል መስመሮች ለብዙ ሰው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ይመስላሉ፤ በ1960ዎቹ በተለያዩ ማኅበረሰቦች የተደረገ ጥናት ግን የስሕተቱ መጠን ከአንዱ ማኅበረሰብ ወደ ሌላው በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ማየትን የመሰለ መሠረታዊ ነገር እንኳ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም ማለት ነው።

ለእነዚህ ችግሮች ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ቅድመ ምዝገባ ነው። ተመራማሪው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መላ ምቱን፣ የናሙናውን መጠንና መረጃውን የሚተነትንበትን መንገድ ጽፎ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ያስቀምጣል፤ ውጤቱን ካየ በኋላ «የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር» ማለት አይችልም። አንዳንድ መጽሔቶች ከዚህም አልፈው ጥናቱን ለማተም የሚወስኑት በጥያቄውና በዘዴው ጥራት ብቻ፣ ውጤቱ ገና ሳይታወቅ ነው፤ መላ ምቱ ቢደገፍም ባይደገፍም ይታተማል።